የደንበኞች አድራሻ መዝገብ አያያዝ

የደንበኞች አድራሻ መዝገብ አንድ ድርጅት ማስታወቂያውን በቀጥታ ለደንበኞቹ በፖስታ ለመላክ የሚጠቀምበት የስምና የፖስታ ሳጥን ቁጥር ዝርዝር ነው። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሳጥን ስለሆነ፣ የአንድ አኃዝ ስሕተት መልእክቱን ለሌላ ሰው ያደርሰዋል።

መዝገብ በሁለት ምክንያቶች ይዛባል። የመጀመሪያው የስም አጻጻፍ ነው፤ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ተብሎ የተመዘገበ አንድ ደንበኛ በኮምፒዩተር ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ወጥ አጻጻፍ መከተልና የአያት ስምን ጭምር መመዝገብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የቦታ ለውጥ ነው። በሁርሶ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ሳለ ከድሬዳዋ ነጋዴ ዕቃ የገዛ ሠልጣኝ፣ ሥልጠናውን ፈጽሞ ወደ ምድቡ ሲሄድ የቀድሞ አድራሻው አያገለግልም። ከእያንዳንዱ አድራሻ ጎን የተረጋገጠበት ቀን ሊሰፍር፣ ተመላሽ ፖስታም ሲመጣ ምክንያቱ ተጣርቶ ወዲያውኑ ሊታረም ይገባል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ትክክለኛ ሆኖ እንዲያዝ ይደነግጋል፤ ባለመረጃውም ስሕተቱን የማሳረም መብት አለው። ማስታወቂያ እንዳይላክለት የጠየቀ ደንበኛ ስም «አይላክለትም» በሚል ለብቻው ይያዛል፤ ጨርሶ ከተሰረዘ ግን በሌላ ጊዜ ሳይታወቅ እንደገና ሊመዘገብ ይችላል።