ኮምፒውተር የሚያረጀው መቼ ነው? የአንድ ግራፊክስ ካርድ ታሪክ



ኮምፒውተር አረጀ የሚባለው መቼ ነው? ለዚህ ጥያቄ ምስክር አድርጌ የምጠራው ስሪዲኤፍኤክስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቺፖች የተሠራውንና እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ የቀረበውን ቩዱ ግራፊክስ የተሰኘ ካርድ ነው።

ከዚያ በፊት በቤት ኮምፒውተር ላይ ባለ ሦስት አውታር ምስል የመሣል ሸክም በአብዛኛው የዋናው ፕሮሰሰር ነበር። ፕሮሰሰሩ የጨዋታውን ሕግ እያሰላ የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለምም ይወስን ነበር። ቩዱ ይህን ሁለተኛውን ሥራ ተረከበ። ተራውን የዴስክቶፕ ምስል ማሳየት ስለማይችል ከነባሩ የማሳያ ካርድ ጋር በገመድ ይያያዝና ጨዋታው ሲጀመር ብቻ ስክሪኑን ይቆጣጠር ነበር። በዚህም ምክንያት ባለቤቱ ነባር ኮምፒውተሩን ሳይጥል አንድ ካርድ ብቻ ጨምሮ አዲስ አቅም አገኘ። በ1997 መጀመሪያ ኩዌክ የተባለው ጨዋታ ለኦፕንጂኤል ተስማምቶ ሲወጣ ልዩነቱ ለማንም ተመልካች ግልጽ ሆነ።

ነገር ግን ካርድ ያለ ድራይቨር ዲዳ ነው። ስሪዲኤፍኤክስ ካርዶቹን የሚያናግረው ግላይድ በተባለ የራሱ ሶፍትዌር ነበር። በሌላ በኩል ብራያን ፖል በ1993 የጀመረው ሜሳ፣ የኦፕንጂኤልን ሥርዓት ተከትሎ የተጻፈና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የሊኑክስ ተጠቃሚዎችም የቩዱን አቅም ለመጠቀም በቁ። ኩባንያው በ1999 የግላይድን ምንጭ ኮድ ክፍት አደረገ፤ በ2000 መጨረሻ ደግሞ ንብረቱን ለኤንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ። ኩባንያው ቢፈርስም ጽሑፉ በሰዎች እጅ ስለነበር ካርዶቹ መሥራታቸውን አላቋረጡም።

ሆኖም ክፍት መሆን ብቻውን ዋስትና አልሆነም። በ2012 የወጣው ሜሳ 8.0 ተንከባካቢ ያጡ በርካታ አሮጌ ድራይቨሮችን አስወገደ። የስሪዲኤፍኤክስ የኋለኞቹ ካርዶች ድራይቨር ከእነዚሁ አንዱ ነበር። ካርዱ ላይ ያለው ሲሊከን በዚያ ቀን አልተለወጠም። ይሁንና ድራይቨር በሌለበት ካርዱ ከነአቅሙ ተሰክቶ ሳለ፣ ባለ ሦስት አውታር ምስል የመሣሉ ሸክም ተመልሶ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ያን አቅም ዳግም መቀስቀስ የሚሻ ሰው የሚያስፈልገው አዲስ ዕቃ ሳይሆን የቀድሞው ድራይቨርና ከእርሱ ጋር የሚስማማ የቀድሞ ሥርዓተ ክወና ነው።

ብራናው ሳይበሰብስ አንባቢው ቢጠፋ ጽሑፉ ዝም ይላል። የመሣሪያም ዕድሜ እንዲሁ ነው፤ ከዕቃው ጥንካሬ ይልቅ ስለ ዕቃው ያለውን ዕውቀት ጠብቀው በሚያስተላልፉ ሰዎች ይወሰናል። እንግዲህ የቴክኖሎጂን ታሪክ ስንጽፍ «ማን ፈለሰፈው?» ብለን ብቻ አናቁም፤ «ማን ጠበቀው? መጠበቁንስ ማን፣ ለምን ተወው?» ብለንም እንጠይቅ።