በስልክ የታየ ቡአ፦ ኮሮና፣ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞችና የራያ ቆላ

ዋጃን ታውቋታላችሁ? ከወልድያ ወደ ሰሜን ስትጓዙ፣ ቆቦን አልፋችሁ አላማጣ ሳትደርሱ የምታገኟት የማሽላ አገር ናት። ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እስቲ ጊዜው ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ነው፣ እናንተም እዚያ አንድ ቤት ውስጥ ናችሁ እንበል። የስድስት ወር ወንድማችሁ ሲያለቅስ ብሽሽቱ ላይ አንድ እብጠት ብቅ ይላል፤ ዝም ሲል ተመልሶ ይጠፋል። እናታችሁ ቡአ ነው ትላለች። ልክ ናት። ግን ማን ይየው?

መጀመሪያ ቡአው ምን እንደሆነ እንረዳ። ወንድ ልጅ ማኅፀን ውስጥ ሳለ የዘር ፍሬዎቹ የሚፈጠሩት ሆዱ ውስጥ ነው። መወለጃው ሲቃረብ በብሽሽት በኩል ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የወረዱበት መንገድም ከኋላቸው መዘጋት አለበት። ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ ባለቀሰ ወይም ባማጠ ቁጥር አንጀት በዚያ ቀዳዳ ይሾልካል። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ወጥቶ የሚመለስ ከሆነ ቀጠሮ ይያዝለታል። ወጥቶ አልመለስ ካለ ግን አንጀቱ ታንቆ ደም አይደርሰውም፤ ያኔ የሚቆጠረው ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው።

በዚያ ዓመት ደግሞ ቀጠሮ የሚባል ነገር ራሱ ተናግቶ ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አውቶቡሶች ከመቀመጫቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ተደረገ። ስልክ ስትደውሉ ከጥሪው በፊት እጃችሁን ታጠቡ የሚለውን መልእክት ሳታስታውሱት አትቀሩም፤ ስንቱን ሰው አሰልችቶ ነበር እኮ! በየአገሩ ሆስፒታሎች አልጋን፣ ኦክስጅንንና የመከላከያ አልባሳትን ለኮሮና ለማትረፍ አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምናን ለሌላ ጊዜ አስተላለፉ። ኮቪድሰርጅ የተባለ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ግንቦት 2012 ላይ ባወጣው ግምት፣ ወረርሽኙ በሚከፋባቸው 12 ሳምንታት ብቻ በዓለም ዙሪያ 28.4 ሚሊዮን ቀዶ ሕክምናዎች ይሰረዛሉ ወይም ይተላለፋሉ ብሎ ነበር። ኮሮና ባይመጣም እንኳ በዓለም ላይ ቀዶ ሕክምና ማግኘት የማይችሉ ሕፃናትና ወጣቶች 1.7 ቢሊዮን ገደማ እንደሆኑ ከዚያ በፊት ተሰልቷል። የእኛ አገር የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ደግሞ ከሕዝቡ ብዛት ጋር ስታነጻጽሯቸው እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በትልልቅ ከተሞች ነው።

ታዲያ ሐኪሙ መምጣት፣ ሕፃኑም መሄድ ካልቻለ በስልክ ቢተያዩስ? ይህ ሐሳብ ኮሮና የወለደው እንዳይመስላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1905 ዊለም አይንትሆቨን የተባለ የኔዘርላንድስ ሳይንቲስት የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ መሣሪያ ነበረው። መሣሪያው 270 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለማንቀሳቀስ አምስት ሰው ይፈልጋል። ወደ ሆስፒታል ሊወስደው አልቻለም። እናም በሽተኛውን እዚያው አልጋው ላይ ተወውና የልቡን ምት ብቻ በስልክ ሽቦ 1.5 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ቤተ ሙከራው አስመጣ። በዚያን ጊዜ እኛም ዘንድ ስልክ ነበር! በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሽቦው ግን የሚያደርሰው የመንግሥትን ወሬ እንጂ የሕፃን እብጠትን አልነበረም።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ የሕንዱ ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም ጆሃንስበርግ ላይ ለመላው አፍሪካ ፓርላማ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ የአፍሪካ ሆስፒታሎችን በሳተላይትና በፋይበር ከሕንድ ሆስፒታሎች ጋር እናገናኝ። የሙከራው አገር ኢትዮጵያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2007 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሃይደራባድ ከሚገኝ ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኘ፤ ነቀምት ሆስፒታልም በመስመሩ ገባ። ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ሳተላይት ሳህን፣ ልዩ ክፍል፣ ተረኛ ቴክኒሻንና ቀጠሮ ይፈልግ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ሁሉ ያሸነፈው የሐኪሙ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ኮሮና ከመግባቱ በፊት ጀምሮ አንድ ወጣት ሐኪም ራጁን መስኮት ላይ ለጥፎ፣ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለአስተማሪው መላክ የተለመደ ሆኖ ነበር። ማንም በሪፖርት ቴሌሜዲሲን ብሎ አልመዘገበውም፤ ግን ያው ነው።

ልዩነቱን ልብ በሉ። በሀብታም አገሮች በኮሮና ጊዜ የርቀት ሕክምና ማለት ሐኪሙ በቪዲዮ ወላጅንና ልጅን ማየቱ ነበር። እኛ ጋ የሚበዛው ሐኪም ከሐኪም የሚያደርገው ምክክር ነው፦ ከወረዳ ወደ ወልድያ፣ ከዚያ ወደ ደሴ፣ ወይ ወደ አዲስ አበባ። ቆቦ ላይ ያለው ጠቅላላ ሐኪም ከልጁ ጎን ቆሞ ሆዱን ይዳስሳል፤ ስፔሻሊስቱ በስልክ ምን እንደሚፈልግ ይነግረዋል። በእኔ ግምት ይሄ የድሃ አማራጭ ሳይሆን ለቀዶ ሕክምና የተሻለው መንገድ ነው።

ለምን ቢባል፣ ቀዶ ሐኪም የሚያየው በእጁ ጭምር ነው። ትርፍ አንጀቱ የታመመ ልጅ ሆዱ ሲጫኑት እንደ ሳንቃ ይደርቃል፤ ይህን ካሜራ አያሳይም። የጨጓራው መውጫ ጠብቦ ወተቱን አስፈንጥሮ የሚያስታውክ ጨቅላ፣ ሆዱ ውስጥ ትንሽ እብጠት በጣት ይገኝበታል፤ ያቺን እብጠት ስልክ አይነካትም። ቆልማማ እግር ያለው ሕፃን ደግሞ በየሳምንቱ ጀሶው ተፈትቶ፣ እግሩ ትንሽ ተቃንቶ፣ እንደገና ይታሰርለታል። ይህ በምንም ዓይነት ኔትወርክ አይላክም። በሌላ በኩል ቀዶ ሕክምናው ካለፈ በኋላ ቁስሉ መግል ያዘ አልያዘም፣ ስፌቱ ደረቀ አልደረቀም የሚለውን አንድ ጥሩ ፎቶ ይመልሳል። ለዚያች ለአምስት ደቂቃ ምርመራ ከዋጃ ደሴ ድረስ በአውቶቡስ መሄድ ከኮሮና በፊትም ቢሆን ምን ያህል ልክ ነበር?

ቡአው ግን ያስገርማችኋል። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ እብጠቱ ይጠፋል፤ ልጁ ዝም ብሏላ! ስለዚህ በውጭ አገር ያሉ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ከወረርሽኙ በፊትም ወላጆችን ብቅ ሲል ፎቶ አንሱልኝ ይሏቸው ነበር። እዚህ ላይ የእናት ስልክ ከሐኪም እጅ ይበልጣል። ፎቶ የማያነሳ ተራ ስልክ ከሆነም ጥያቄ አለ፦

«እናት፣ ሲያለቅስ ብቻ ነው የሚወጣው?»

«አዎ ዶክተር፣ ሲያለቅስ።»

«ሲተኛስ ተመልሶ ይገባል? አላስታወከም? ቀለሙ አልተለወጠም?»

ይገባል ካለች መጠበቅ ይቻላል። አይገባም ካለች ግማሽ የጫነም ይሁን ሙሉ፣ የተገኘው መኪና ላይ መሳፈር ነው። እንግዲህ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው የአንጀት፣ አንዳንዴም የሕይወት ልዩነት ነው።

ይህ ሁሉ የቆመው በመስመሩ ላይ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012፣ ወረርሽኙ ገና እየጨመረ ሳለ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደሉን ተከትሎ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ቴሌግራም ሲቆም ራጁም፣ የቁስሉ ፎቶም አብሮ ቆመ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ራያ ቆላና ወደ ሰሜን ወሎ ሲዘልቅ ደግሞ ስልኩም፣ መብራቱም ጠፋ፤ በኋላም ሪፈር የሚቀበሉት የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ራሳቸው ተዘረፉ። ኮሮናው አላበቃም ነበር፤ ግን ማን ያስታውሰው? የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት እንደገና ተዘጋ።

ኢንተርኔት በጠፋበት፣ ድምፅ ብቻ በሚሠራበት ቀን ፎቶው እናት ስልክ ውስጥ ይቀራል። ሐኪሙም ወደ መጀመሪያው ጥያቄው ይመለሳል፦ «እናት፣ ሲተኛስ ይገባል?»