ባለ ሁለት ደረጃ ሃይድሮሊክ ፓምፕ፦ አሠራሩና የሚያዋጣበት ጊዜ

ጥጥ፣ ሰሊጥና ማሽላ በሚመረትበት በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ስለ ፕሬስ ማሽን ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ቶን ይጫናል?» የሚለው ነው። ሻጩም ይህንኑ ስለሚያውቅ የቶኑን ቁጥር በትልቁ ጽፎ ማሽኑ ላይ ይለጥፈዋል። እኔ ግን ከቶኑ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፤ ይኸውም ሥራው ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንዴት እየከበደ ይሄዳል የሚለው ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ፓምፕ ገዝቶ ማትረፍም ሆነ መክሰር የሚመጣው ከዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ጥጥን እንውሰድ። የተዳመጠ ጥጥ አብዛኛው አየር ነው። ሳይታመቅ ቢጫን የመኪናው ሚዛን ሳይሞላ ቦታው ይሞላል። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከ700 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶም ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ይህን ሁሉ ዳገት አየር ጭኖ መውጣት የናፍጣ ዋጋ ለሚከፍል ሰው ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ጥጡ ታምቆ ይታሰራል። ጥጥ ሲታመቅ ታዲያ የፕሬሱ ሳህን የመንገዱን ሦስት አራተኛ የሚሄደው ምንም ያህል ሳይቸገር ነው። እውነተኛው ትግል የሚጀምረው በመጨረሻዋ ስንዝርና ክንድ ላይ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ፓምፕ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ፍሰትና ግፊት

የሃይድሮሊክ መሠረቱ ቀላል ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ይህንኑ ሕግ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1795 የሃይድሮሊክ ፕሬስን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ትንሹ ፒስተን ሲገፋ ትልቁ ፒስተን ከባድ ነገር ያነሳል፤ በምትኩ ግን ትልቁ በዝግታ ነው የሚሄደው።

ብዙ ሰው ፓምፕ ግፊት የሚሰጥ ይመስለዋል። ፓምፕ የሚሰጠው ፍሰት ነው። ግፊቱን የሚፈጥረው ከዘይቱ ፊት የቆመው ጭነት ነው። ፍሰቱ የፒስተኑን ፍጥነት ይወስናል፣ ግፊቱ ደግሞ ጉልበቱን። ሞተሩ የሚከፍለው የሁለቱን ብዜት ነው። ግፊቱን በባር፣ ፍሰቱን በሊትር በደቂቃ ወስዳችሁ አባዝታችሁ ለ600 ብታካፍሉ የሚያስፈልገውን ኃይል በኪሎ ዋት ታገኛላችሁ።

ይህን ስሌት በአንድ ትንሽ ፕሬስ ላይ እንሞክረው። ሲሊንደሩ በውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 120 ሴንቲ ሜትር ጉዞ አለው እንበል። በ200 ባር ግፊት ወደ 36 ቶን ይጫናል፤ እስከ ጫፍ ለመሄድ ደግሞ 21 ሊትር ገደማ ዘይት ይፈልጋል። በደቂቃ 42 ሊትር የሚሰጥ ባለ አንድ ደረጃ ፓምፕ ብንገጥምለት በግማሽ ደቂቃ ይጨርሳል፤ ነገር ግን በ200 ባር ላይ 14 ኪሎ ዋት ይጠይቃል። የፓምፑ ብክነት ሲጨመርበት ከ20 ፈረስ ጉልበት የሚበልጥ ሞተር ያስፈልጋል ማለት ነው። ሞተሩን ላሳንስ ብለን በደቂቃ 11 ሊትር የሚሰጥ ትንሽ ፓምፕ ብንገጥም ደግሞ ኃይሉ ወደ 3.7 ኪሎ ዋት ይወርዳል፤ ጉዞው ግን ወደ ሁለት ደቂቃ ይረዝማል። በቀን መቶ ጊዜ የሚጫን ሰው ይህች ደቂቃ ተጠራቅማ የሥራ ሰዓቱን ትበላበታለች።

ባለ ሁለት ደረጃው ፓምፕ ሁለቱንም ያስታርቃል። ጭነቱ ቀላል ሳለ በ42 ሊትር ይሮጣል፤ ግፊቱ ወደ 40 ባር ሲደርስ ራሱ ወደ 11 ሊትር ይወርድና እስከ 200 ባር ይገፋል። የመጀመሪያውን 90 ሴንቲ ሜትር በ23 ሰከንድ፣ የመጨረሻውን 30 ሴንቲ ሜትር በ29 ሰከንድ፣ በድምሩ በ52 ሰከንድ ይጨርሳል። ሞተሩ በሁለቱም ደረጃዎች ከ4 ኪሎ ዋት እምብዛም የማይበልጥ ጭነት ነው የሚሸከመው። ከባለ 20 ፈረስ ጉልበት ሞተር ይልቅ ባለ 7 ይበቃል ማለት ነው።

በውስጡ ያለው

ፓምፑ ሲፈታ በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩ ሁለት ጥንድ ማርሾች ይታያሉ፤ አንደኛው ጥንድ ሰፊ፣ ሌላኛው ጠባብ ነው። በምሳሌያችን ሰፊው 31 ሊትር፣ ጠባቡ 11 ሊትር ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ዘይታቸውን ወደ አንድ መስመር ይልካሉ። ግፊቱ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ የማራገፊያ ቫልቭ ይከፈትና የሰፊውን ዘይት ያለ ጭነት ወደ ታንከሩ ይመልሰዋል። በዚያው ቅጽበት በሁለቱ መካከል ያለው ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ ይዘጋል፤ ያለዚያ ጠባቡ የገፋው ዘይት በሰፊው መንገድ ተመልሶ ያመልጥ ነበር። ከሲሊንደሩ በፊት ደግሞ የመጨረሻውን ግፊት የሚወስን የደህንነት ቫልቭ አለ። ኤሌክትሪክ የለውም፣ የሚያዝዘው ሰውም የለም፤ ደረጃውን የሚቀይረው ጭነቱ ራሱ ነው። እኔ በዚህ መሣሪያ የምወደው ይህንኑ ነው።

ብልሽቱም ከዚሁ አሠራር ይነበባል። ፕሬሱ መጠንከር ሲጀምር ደረጃ ሳይቀይር ሞተሩ ተጨንቆ የሚጠፋ ከሆነ፣ የማራገፊያ ቫልቩ ተጣብቋል ወይም አንድ ሰው ከልኩ በላይ አጥብቆታል። በምሳሌያችን ፓምፕ መቀየሪያውን ከ40 ወደ 70 ባር ማጥበቅ ብቻ ባለ 7 ፈረስ ጉልበቱን ሞተር ለማጥፋት ይበቃል። «ጉልበት እንዲጨምር» ተብሎ የሚደረገው ማጥበቅ ጉልበት አይጨምርም፤ የመጨረሻው ጉልበት በዚያ ብሎን አይወሰንምና። ፕሬሱ ከመነሻው ጀምሮ የሚንቀረፈፍ ከሆነ ደግሞ የማራገፊያ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በዘይቱ ውስጥ የገባ ቆሻሻ ነው። በፍጥነት ሄዶ ደረጃ ከቀየረ በኋላ ግፊቱ አልወጣ ካለ ባለ አንድ አቅጣጫው ቫልቭ ያፈስሳል ብላችሁ ጠርጥሩ። ፓምፑ ሞቷል ተብሎ አዲስ የሚገዛው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ቫልቩን ፈትቶ ማጠብና መቀመጫውን ማየት ይቀድማል።

የማያዋጣበት ቦታ

ገልባጭ መኪና ለዚህ ፓምፕ አይሆንም። የገልባጭ ጭነት ከሁሉ የሚከብደው ገና ከመቀመጫው ሲነሳ ነው፤ እየተነሳ ሲሄድ ይቀልላል። ባለ ሁለት ደረጃ ፓምፕ ቢገጠምለት ሲጀምር ይንቀረፈፋል፤ ጭነቱ ከፍ ብሎ መረጋጋት በሚያስፈልገው ጊዜ ደግሞ በድንገት ይፈጥናል። የሚሽከረከር የሃይድሮሊክ ሞተር ለሚነዳ ማሽንም አይመከርም፤ ጭነቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ፍጥነቱ ይዘላል።

ትራክተር ያለው ሰውም ሊያስብበት ይገባል። በቆላው የእርሻ ትራክተሮች ሞተር ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ፕሬስ ከበቂ በላይ ነው፤ ከኃይል ማውጫው ጋር የሚገጠም ተራ ባለ አንድ ደረጃ ፓምፕ ሥራውን ይሠራል፣ የሚበላሽበትም ቫልቭ ያነሰ ነው። ሁለተኛው ደረጃ የሚገዛው ትንሽ ሞተርን ለማብቃት ነው። ሞተሩ ትልቅ ከሆነ የሚያበቃው ነገር የለም። ትራክተሩን ከማሳ አስቀርቶ ቀኑን ሙሉ ፕሬስ ላይ ማቆም ያዋጣል ወይ የሚለው ግን ሌላ ሒሳብ ነው።

የሰሊጥ ዘይት ጨመቃ በመሃል ያለ ጉዳይ ነው። በሚሽከረከር ብሎን የሚጨምቀው ማሽን ይህ ፓምፕ አያስፈልገውም። በሲሊንደር የሚጨምቀው ግን ይጠቀምበታል፤ ሳህኑ በመጀመሪያው ደረጃ በፍጥነት ወርዶ ሰሊጡን ይነካል፣ ከዚያ በሁለተኛው ደረጃ በዝግታ ይጫናል። ከክብደቱ ግማሽ የሚሆነው ዘይት የሆነው ሰሊጥ መታገስ ይፈልጋል። በጥድፊያ ከተጫነ ዘይቱ መውጫ ሳያገኝ ይታፈንና ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ፋጉሎው ለከብት መልካም መኖ ነው፤ ሰሊጡን የገዛው ሰው ግን የከፈለው ለዘይቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የስም መመሳሰል ገዢን ያሳስታል። ከጓንግ ወይም ከሽንፋ ወንዝ ለመስኖ ውኃ የሚስብ ሰው «ባለ ሁለት ደረጃ» የተባለ የውኃ ፓምፕ ሊያጋጥመው ይችላል። እርሱ ሌላ ነገር ነው። በውኃ ፓምፕ ሁለት ደረጃ ማለት ውኃው በአንደኛው መዘውር ተገፍቶ ወደ ሁለተኛው ገብቶ ዳግም ይገፋል ማለት ነው፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይሠራሉ፣ የሚጨምሩትም ውኃውን የሚያወጡበትን ከፍታ ነው። የሃይድሮሊኩ ግን ማርሽ እንደሚቀይር መኪና አንዱን ትቶ በሌላው ይቀጥላል። በስሙ ብቻ የአንዱን መለዋወጫ ለሌላው መጠየቅ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሙቀትና ከፍታ

በመተማ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በገበያ የተለመደው የሃይድሮሊክ ዘይት ባለ 46 ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ዘይቱ በ40 ዲግሪ ላይ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። በቆላው ግን 40 ዲግሪ ማለት ማሽኑ ገና ሳይነሳ ጥላ ሥር ያለው አየር ነው። በሥራ ላይ ያለ ዘይት ከዚያ በላይ ይሞቅና ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይት ደግሞ በማርሾቹ ጎን እየሾለከ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጉዳቱ የሚጎላው በሁለተኛው ደረጃ ነው፤ የጠባቡ ማርሽ ፍሰት ከመጀመሪያው ትንሽ ስለሆነ፣ ግፊቱም ከፍተኛ ስለሆነ፣ ሁለት ሊትር ሲሾልክበት ብዙ ነው። ጠዋት ደህና ጭኖ ከሰዓት በኋላ የሚደክም ፕሬስ ካያችሁ አስቀድማችሁ ዘይቱን ተመልከቱ። ለቆላው አምራቹ የሚፈቅድ ከሆነ ባለ 68 ቁጥር ዘይት፣ ሰፋ ያለ ታንከርና ዳስ እመርጣለሁ። ከታንከሩ ክዳን ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ ማጣሪያ ሊኖረው ይገባል፤ በበጋ የተሰነጣጠቀው የጥቁር አፈር ብናኝ በዚያ በኩል ከገባ የማራገፊያ ቫልቩን ያጣብቃል። ፊልትሮውም በጊዜው ይቀየር።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 ከመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ጎንደር ላይ አንድ አምስተኛው ሲቀንስ መተማ ላይ የሚቀንሰው 7 ከመቶ ነው፤ ሙቀቱም ትንሽ ይወስዳል። ስለዚህ መተማ ላይ በባለ 7 ፈረስ ጉልበት ሞተር ደህና የሚሠራ ፕሬስ ተጭኖ ጎንደር ሲወጣ በመጨረሻው ግፊት ላይ ሊጠፋ ይችላል። በተቃራኒው አዲስ አበባ ላይ ተሞክሮ ያለፈ ማሽን ቆላ ሲወርድ ሞተሩ አያንሰውም፤ የሚፈትነው ዘይቱ ነው።

ሞተር የሌለውም ዓይነት አለ። ባለ ሁለት ደረጃ የእጅ ፓምፕ ሁለት ፒስተኖች አሉት፤ ሲሊንደሩ ጭነቱን እስኪነካ ትልቁ ብዙ ዘይት ይልካል፣ ከዚያ ትንሹ ብቻውን ይገፋል። ብዙዎቹ እስከ 700 ባር ይደርሳሉ። በጋራዥ ቡሽና ኩሽኔታ ለመንቀል፣ የከባድ መኪና አካል ለማቅናት ከተራ ክሪክ ይልቅ ድካም ያተርፋል፤ እጀታው ስንት ጊዜ ወጥቶ እንደወረደ የቆጠረ ሰው ይመሰክራል። ሲሊንደሩ የሚሄደው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ባለ አንድ ደረጃውም ያገለግላል፤ በዋጋም ይረክሳል።

በእጅም ሆነ በሞተር የሚሠራ ይሁን፣ የሚያፈስ ቱቦን በጣት መፈለግ አይገባም። በ200 ባር ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ሲታይ ነጥብ ታክላለች፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ በቀዶ ጥገና ካልጸዳ ግን ጣት ወይም እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ከገጠር ማሳ እስከ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለው መንገድ ረጅም በመሆኑ ነገ ይሻለኛል ብሎ ማደር አደገኛ ነው፤ ለሐኪሙም የገባው የሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑን መንገር ያስፈልጋል። የሚያፈሰውን ቦታ ለማወቅ ቁራጭ ካርቶን ቱቦው አጠገብ ማለፍ ይበቃል፤ ቱቦውን ከመፍታት በፊት ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የማዘዣው እጀታ ወዲህና ወዲያ ተንቀሳቅሶ የቀረው ግፊት መውጣት አለበት።