የልብ ሕመም የሚመስለው ድንገተኛ ፍርሃት

በተለምዶ ፓኒክ አታክ የሚባለው ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ብዙ ጊዜ ያለ ግልጽ ምክንያት ይነሳል። ልብ በኃይል ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ጣቶች ይደነዝዛሉ። የያዘው ሰው «መሞቴ ነው» ወይም «ላብድ ነው» ይላል። ስሜቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከበረታ በኋላ እየበረደ ይሄዳል። ጥቃቱ ራሱ አይገድልም።

መደንዘዙና ማዞሩ በአብዛኛው ከአተነፋፈስ ይመጣል። ሰው በፍርሃት ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከመጠን በላይ ያስወጣል። ስለዚህ «አየር አነሰኝ» ብሎ በኃይል መሳብ ያብሰዋል። በአፍንጫ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ሲያስወጡ ደግሞ ከሳቡበት ያስረዝሙ።

በቡታጅራ አካባቢ ከ10 ሺሕ በላይ አዋቂዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት 17 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ምልክቶች እንዳሉባቸው አሳይቷል። ጥናቱ ፓኒክን ለይቶ የሚመለከት ባይሆንም፣ ጭንቀት የከተሜ ቅንጦት ነው ለሚሉ በቂ መልስ ነው።

ትልቁ ጉዳት የሚከተለው ግን ጥቃቱ ካለፈ በኋላ ነው። ለመስቀል ወደ ወልቂጤና እምድብር በሚጓዝ የተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ የያዘው ሰው በሚቀጥለው ዓመት መንገዱን ይፈራል። ለቸሃ ተወላጅ ደግሞ መስቀልን አገር ቤት ሳይገቡ መዋል ቀላል ነገር አይደለም። መቅረቱ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ፍርሃቱን ግን ያጠነክረዋል። ባለሙያዎች የሚመክሩት ከመኪናው መውረድን ሳይሆን ስሜቱ እስኪያልፍ እዚያው መቆየትን ነው። ጉዞ ያቆመ ሰው በአጭር መንገድ ይጀምር፤ መጀመሪያ ከሚያምነው ሰው ጋር፣ ቆይቶም ብቻውን።

ቡናና ጫት የልብ ምትን ስለሚያፋጥኑ ጥቃቱን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። በጉራጌ አገር ሁለቱንም «ተው» ማለት ለተናጋሪው ነው የሚቀለው፤ ቢያንስ መጠኑን ቀንሶ ለውጡን ማየት ይቻላል። አረቄ ለጊዜው ቢያረጋጋም ሲለቅ ያባብሳል።

ጥቃቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጋጥም ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው፤ የልብ ሕመም፣ የታይሮይድ እጢ ችግርና የደም ማነስ ተመሳሳይ ምልክት አላቸው። ምርመራው ነጻ ካለ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ መዞር ገንዘብ መጨረስ ነው። ያኔ የሚያስፈልገው የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ነው፤ በቡታጅራ ሆስፒታል ለምሳሌ በአእምሮ ሕክምና ነርሶች የሚመራ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። የሚታዘዙት ፀረ ድብርት መድኃኒቶች ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋሉ። ዳያዜፓም ቶሎ ቢያረጋጋም ሱስ ስለሚያስይዝ ከጎረቤት ተቀብሎ አይዋጥም።