የደጋ አገር ሀብትና የቦሌ በር

ተራራማ አገር ለነዋሪዎቹ ሁለት ነገር ያወርሳል። አንደኛው ለጤና የሚስማማ አየር ሲሆን ሁለተኛው የመንገድ ችግር ነው። ተራራ ጠላትን እንደሚያግድ ሁሉ ነጋዴንም ያግዳል። ስለዚህ የደጋ ሕዝብ ባለጸጋ ይሆን ዘንድ ሁለት ጥያቄ መመለስ ይገባዋል፤ ይኸውም «በየት በኩል ልውጣ? ምንስ ይዤ ልውጣ?» የሚል ነው።

በአውሮፓ የአልፕስ ተራራ ሕዝቦች ይህን ጥያቄ በሥራ መልሰውታል። በ1874 ዓ.ም. 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን የጎታርድ ዋሻ ተፈልፍሎ በተራራው ሆድ ውስጥ ባቡር ማለፍ ጀመረ። ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ዳቮስም አስቀድሞ ለሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ማረፊያ ሆነች፤ ቀጥሎም በበረዶ ላይ የሚጫወቱ እንግዶችን፣ በመጨረሻም የዓለም ታላላቅ ጉባኤተኞችን ሰበሰበች። ተራራው ያው ነው፤ የተለወጠው የሰዎቹ ዘዴ ነው።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በቀድሞው ዘመን ቡናውና ቆዳው ወደ ባሕር የሚወርደው በበቅሎና በግመል ጀርባ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ የመጀመሪያው በር ተከፈተ። ይሁን እንጂ ቦሌና ገርጂ በዚያ ጊዜ ገና የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበሩ።

ሁለተኛው በር በሰማይ በኩል መጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያው አውሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። ማረፊያውም ልደታ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የጄት አውሮፕላን ዘመን ሲደርስ የልደታ ሜዳ አጭር ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል፤ ክንፉም በሚገባ የሚደገፈው አውሮፕላኑ እጅግ ሲፈጥን ነው። ከምድር ለመነሣት ረጅም ሜዳ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ስለዚህ ሰፊ ሜዳ ያለው ቦሌ ተመረጠ፤ በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. አዲሱ የአውሮፕላን መንደርደሪያና የመቆጣጠሪያው ማማ ለሥራ ደረሱ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን በአዲስ አበባ መሠረቱ። በሩ በተከፈተበት ዓመት እንግዳው መጣ።

ከዚያ ወዲህ የምሥራቁ ክፍል ከሌላው የከተማው ክፍል ቀድሞ ተራመደ። ሆቴሉ፣ ሱቁና የንግድ ቢሮው የቦሌን መንገድ ተከትሎ ተሠራ። በ1995 ዓ.ም. አዲሱ የመንገደኞች ሕንፃ ሥራ ጀመረ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአያት ተነሥቶ ከተማውን የሚያቋርጠው ቀላል ባቡር መንቀሳቀስ ያዘ። የቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክም የልብስ ፋብሪካዎችን ሰበሰበ። በደጋችን ቀዝቃዛ ሌሊት የሚፋፋው ጽጌረዳ ከየእርሻው ተለቅሞ፣ በቀዝቃዛ መጋዘን ቆይቶ፣ በቦሌ በኩል ወደ አውሮፓ ይጫናል። ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፤ መንገዱ ውድ የሆነበት አገር ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ መላክ ይበጀዋል።

ነገር ግን የሀብትን ታሪክ በትርፉ ብቻ መጻፍ እውነትን ማጉደል ነው። ዛሬ ፎቅ የቆመበት መሬት ትናንት ጤፍ ይታጨድበት ነበር። ብዙ ገበሬዎች መሬታቸውን ለቤት፣ ለመንገድና ለፋብሪካ ለቀዋል። የካሣ ገንዘብ ያልቃል፤ በእርሻ ያደገ ልጅ ግን አዲስ ሙያ ካልተማረ በአባቱ መሬት ላይ ዘበኛ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህም በላይ ሌላ ነገር እየመጣ ነው። ከቦሌ ዝቅ ባለውና አየሩ ይበልጥ በሚረዳው በቢሾፍቱ አካባቢ ታላቅ አዲስ አየር ማረፊያ እንዲሠራ ታቅዷል። ልደታ ለቦሌ እንደ ለቀቀ ሁሉ ቦሌም ከድርሻው ከፍ ያለውን ክፍል ለሌላ ያስረክብ ይሆናል። በበሩ ብቻ የኖረ ሰፈር በሩ ሲዛወር ምን ይሆናል?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጥያቄ በተለይ አንተን ይመለከታል። የመሬት ካርታ የሚፈርመው፣ የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው፣ የትምህርት ቤት በጀት የሚያዘጋጀው በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ሠራተኛ ነው። ዳቮስ ሕመምተኛው ሲቀርባት ሌላ እንግዳ ያገኘችው አስቀድማ የመንገድ፣ የማረፊያና የመስተንግዶ ልማድ ስለነበራት ነው። ቦሌና ጎረቤቶቹም ዛሬ ባላቸው የገበያ ኃይል ላይ የእጅ ሙያና ትምህርት ቢጨምሩ ነገ ባዶ እጃቸውን አይቀሩም። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዳሉት፣ የሥራው ጊዜ ዛሬ ነው።