ሆነስ ዋግነር፣ የፒትስበርግ ፓይሬትስ ሾርትስቶፕ

የሲጋራ ፓኬት ካርድ፣ ባለቀለም የሊቶግራፍ ኅትመት
አሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. 1909–1911

ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር የማይሞላው ይህ ካርድ ከሲጋራ ጋር በፓኬት ታሽጎ ይሸጥ ነበር። ፀጉሩን መሐል ለመሐል ከፍሎ ያበጠረው ሰው ሆነስ ዋግነር ነው፤ በማልያው ደረት ላይ የከተማው ስም ይነበባል።

ዋግነር በ1874 ከጀርመን ስደተኞች በፔንሲልቬንያ ተወለደ። በልጅነቱ በድንጋይ ከሰል ማውጫ ሠርቷል። በ1897 በሉዊቪል የቤዝቦል ቡድን ጀምሮ ከ1900 እስከ 1917 ለፓይሬትስ ተጫወተ። የመከላከያ ቦታው፣ ሾርትስቶፕ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ነበር። በዚያ ብዙ ኳስ በሚመጣበት ቦታ ሰፋፊ እጆቹ ኳሷን ከነአፈሩ ዘግነው ይወረውሯት ነበር።

በምት አማካይ የናሽናል ሊግን 8 ጊዜ መርቷል፤ በሩጫ 723 ቤዞችን ሰርቋል። በ1909 ፓይሬትስ ዴትሮይት ታይገርስን በሰባት ጨዋታዎች ረትቶ የወርልድ ሲሪስን ዋንጫ ሲወስድ፣ ዋግነር ብቻውን 6 ቤዝ ሰረቀ። ጉልበት፣ ፍጥነትና የእጅ ቅልጥፍና እንዲህ በአንድ ተጫዋች የሚገናኙት ከስንት አንዴ ነው። በ1936 ለቤዝቦል የዝና አዳራሽ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ አምስት ተጫዋቾች አንዱ ሆነ።

የካርዱ ኅትመት ገና በጊዜ ስለተቋረጠ፣ እስከ ዛሬ የተረፉት በጣም ጥቂት ናቸው።