የግል ተልዕኮ መግለጫ (በሲቪ ላይ)

የግል ተልዕኮ መግለጫ ሥራ ፈላጊ ለምን ዓላማ እንደሚሠራና ለቀጣሪው ምን እንደሚያስገኝ በሁለት ወይም በሦስት መስመር የሚገልጽበት ጽሑፍ ነው። ቦታው ከስምና ከአድራሻ በታች፣ ከትምህርትና ከሥራ ልምድ በላይ ነው። ሐሳቡን በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ አሜሪካዊው ስቲቨን ኮቪ በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ነው።

ጅቡቲ ከተማ ላይ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው። እዚያም በሚሠራበት የፈረንሳይ ልማድ የአመልካቹ ፍላጎት በዋናነት የሚገለጸው ከሲቪው ጋር በሚያያዝ ደብዳቤ ስለሆነ በሲቪው አናት ላይ የሚሰፍረው ጽሑፍ አጭር ሊሆን ይገባል። ደብዳቤውን መድገምም የለበትም።

አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደቦች ነውና ምሳሌውን ከትራንዚተር (የዕቃን የጉምሩክና የወደብ ጉዳይ የሚያስፈጽም ወኪል) ሥራ መውሰድ ይቻላል። “ታታሪና ታማኝ ሠራተኛ ነኝ” የሚል መግለጫ ስለ አመልካቹ ምንም አይናገርም፤ ማንም ሊጽፈው ይችላል። “ከጅቡቲው ዶራሌ ወደብ ወደ ኢትዮጵያው ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሄድ ኮንቴይነር ሰነዱ አስቀድሞ ተሟልቶ፣ ዲመሬጅ (ከተፈቀደው ጊዜ በላይ ለቆየ ኮንቴይነር የሚከፈል ክፍያ) ሳይቆጠርበት እንዲወጣ አደርጋለሁ” የሚለው ግን ሙያውንም ኃላፊነቱንም ያሳያል። በወደቡ አካባቢ ፈረንሳይኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ አጣምሮ የሚናገር ሰው ተፈላጊ ነውና አመልካቹ የሚችላቸውን ቋንቋዎች እዚያው ቢጠቅስ ይጠቀማል።

መግለጫው ከታች ባለው የሥራ ልምድ ካልተደገፈ ግን ጭራሽ ባይጻፍ ይሻላል።